ኤሲው አላቀዘቅዝ ሲል፦ ስለ ቤት ኤሲ ጥገና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙቀቱ ሲበረታ ስልኬ አያርፍም። ደዋዩ ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። መልሱን በስልክ ስደጋግመው ስለከረምኩ አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የማወራው አንዱ አካሉ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ውጭ ስለሚቀመጠው ስፕሊት ኤሲ ነው። መስኮት ላይ የሚገጠመውንም ቢሆን አብዛኛው ነገር ይመለከተዋል።

ኤሲዬ ይነፍሳል ግን አያቀዘቅዝም። ጋዙ አልቆ ነው አይደል?

ሊሆን ይችላል። ግን ፊልተሩን አይታችሁታል?

ቀልዴን አይደለም። "አያቀዘቅዝም" ተብዬ ሄጄ ጥፋተኛው አቧራ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ያው ጋዝ፣ ያው መጠን። ቤት ውስጥ ባለው ኮይል፣ ማለትም በተጠማዘዘው ቱቦ ሲያልፍ ይተንና የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል። ውጭ ባለው ኮይል ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭው አየር አስረክቦ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፣ ተመልሶም ይገባል። ፍሪጃችሁም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ለፍሪጃችሁ በየዓመቱ ጋዝ ታስሞላላችሁ?

ስለዚህ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ጥቂት ነገር እዩ። መጀመሪያ ሪሞቱ ላይ የበረዶ ኮከቧ ምልክት መኖሯን አረጋግጡ። የማራገቢያ ምልክት ላይ ከሆነ ኤሲው አልተበላሸም፣ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ቀጥሎ ፊልተሩን አውጥታችሁ እጠቡ። ከዚያ ውጭ ወጥታችሁ የውጭው ፋን መዞሩን ተመልከቱ። ፊቱ ላይ ካርቶን ተደግፎ፣ ወይም ልብስ ተሰጥቶበት ከሆነ አንሱት። ሙቀቱን የሚተፋበት ቦታ ካጣ ቤት ውስጥ ያለው ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ቴርሞሜትር ካላችሁ አንድ ጥሩ ፍተሻ አለ። የሪሞቱን ቁጥር ዝቅ አድርጋችሁ ኤሲውን ለሩብ ሰዓት በሙሉ ጉልበቱ አስኬዱት። ከላይ አየር የሚስብበት ቦታ ላይ ለኩ፣ ከዚያ ከታች የሚነፍስበት ላይ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ማሽኑ ደህና ነው። ያኔ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉት፦ ከሰዓት በኋላ የምትገባ ፀሐይ፣ የማይዘጋ በር፣ ወይም ለክፍሉ ያነሰ ኤሲ። ፊልተሩ ንፁህ ሆኖ ልዩነቱ 3 ወይም 4 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ደውሉ።

ፊልተሩን በስንት ጊዜ ልጠበው?

ኤሲው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ። አልፎ አልፎ ከሆነ በወር አንዴ ይበቃል። ድመት ወይም ውሻ ያለበት ቤት፣ ወይም መንገድ ዳር ያለ ቤት ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤሲውን አጥፉ። የፊት ክዳኑን በሁለት እጅ ከጎንና ከጎን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ፊልተሩ መረብ ነው፤ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ታች ስትስቡት ይወጣል። ለወራት ካልታየ ፊቱ ላይ ያለው ነገር አቧራ ሳይሆን የተነጠፈ ግራጫ ብርድ ልብስ ነው የሚመስለው። አልጋ ላይ ሆናችሁ አታራግፉት። መታጠቢያ ቤት ወስዳችሁ ውሃውን ከጀርባው በኩል ልቀቁበት። አቧራው የተቀመጠው ከፊት ስለሆነ ከጀርባ ሲገፋ እንደ ሉህ ተላቆ ይወርዳል። ከፊት ብትለቁት ግን ይበልጥ ወደ መረቡ ቀዳዳ ትሰገስጉታላችሁ። ቅባት ካለው ትንሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። ሙቅ ውሃ አይሆንም፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። እርጥቡን መልሶ መግጠም ሻጋታ መዝራት ነው።

አንዳንድ ኤሲ ከትልቁ መረብ በተጨማሪ ትንሽ ጥቁር የከሰል ፊልተር አለው። እሱ ብዙውን ጊዜ አይታጠብም፣ ይቀየራል። የማሽኑን መመሪያ እዩ።

እሺ፣ ጋዝ በእውነት የጎደለ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ጥቂት ምልክቶች አሉ። ኤሲው ሲሠራ ውጭ ካሉት ሁለት የመዳብ ቱቦዎች ቀጭኑ ውርጭ ይይዛል። የውስጠኛው ኮይል አንድ ጥግ ብቻ በረዶ ሠርቶ ሌላው ደረቅ ይሆናል። ማሽኑ ሳያርፍ ይሠራል፣ ክፍሉ ግን ንቅንቅ አይልም።

እኔ በጣም የማምነው ግን ዘይት ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር ጋዝ በተነፈሰበት ሁሉ ትንሽ ዘይት ይወጣል። አቧራ ደግሞ ዘይት ይወዳል። የውጭውን ማሽን የቱቦ ማያያዣ ዳዶዎች በባትሪ መብራት እዩዋቸው። አንዱ ብቻ ጥቁር፣ የወዛ ጭቃ ለብሶ ሌሎቹ ደረቅ ከሆኑ ማሽኑ የሚያፈስበትን ራሱ ጠቁሟችኋል። የሳሙና አረፋ ሲቀባ አረፋው ይነፋል።

ጋዝ ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው። ከወጣ ደግሞ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይገኝ ጋዝ መሙላት በተበሳ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው። አንድ ደንበኛዬ ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ሙቀት በገባ ቁጥር ጋዝ አስሞልቷል። በአራተኛው እኔን ጠራኝ። ከውስጠኛው ማሽን ጀርባ ያለው ዳዶ ሲገጠም በደንብ አልጠበቀም ነበር። የቱቦውን አፍ አዲስ አድርጎ መልሶ ማጥበቅ ብቻ ነበር የፈለገው። ሲሞሉለት የነበሩት ሰዎች አንዳቸውም ሽፋኑን እንኳ አላነሱም።

ጋዝ በትክክል ሲሞላ ምን ምን ይደረጋል?

ቆማችሁ እዩ፣ ማንም አይቆጣም። መጀመሪያ የሚያፈስበት ይፈለግና ይጠገናል። ከዚያ ቱቦው በናይትሮጅን ተነፍቶ ግፊቱ እንደማይወርድ ይታያል። ቀጥሎ ቫክዩም ፓምፕ ተገጥሞ በውስጡ የቀረው አየርና እርጥበት ይሳባል። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ምክንያቱም ጊዜ ትወስዳለች። ግን እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ደግሞ የኮምፕሬሰሩን ጥቅል ሽቦ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ዛሬ የተዘለለው ግማሽ ሰዓት ከዓመት በኋላ ኮምፕሬሰር ያስገዛል።

በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን ይገባል። አዎ፣ በሚዛን። የውጭው ማሽን ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ የጋዙን ዓይነትና መጠን በግራም ወይም በኪሎ ይነግራችኋል። የግፊት መለኪያውን ጌጅ ብቻ አይቶ "ይበቃል" ማለት በተለይ ለኢንቨርተር ኤሲ አይሆንም። ኮምፕሬሰሩ ፍጥነቱን ሲቀያይር ግፊቱም አብሮ ስለሚቀያየር ጌጁ ይዋሻል።

አር-22፣ አር-410ኤ፣ አር-32 ምንድን ናቸው? አንዱን በሌላው መተካት ይቻላል?

የጋዝ ዓይነቶች ናቸው። መተካትም ማደባለቅም አይቻልም።

አር-22 የድሮው ነው። የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከዓለም እየወጣ ነው። አር-410ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ግፊቱ ግን ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ ለድሮው የተሠራ ማሽን አይችለውም። ምድርን በማሞቅ በኩልም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2000 ጊዜ በላይ ይበረታል። አር-32 በዚህ ረገድ የእሱን ሲሶ ያህል ስለሆነ አሁን የሚወጡት ኤሲዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት እሱን ነው። አር-32 በመጠኑ ይቀጣጠላል። አር-290 የሚባለው ደግሞ ፕሮፔን ነው፣ ማለትም ማብሰያ ሲሊንደር ውስጥ ካለው ጋዝ ወገን። የእነዚህ ቱቦ ሲበየድ ጋዙ መጀመሪያ በመሣሪያ ተስቦ መውጣት አለበት። ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ ለሚመጣ ሰው በር አትክፈቱ።

ውስጥ ያለው ማሽን ውሃ ያንጠባጥባል። ግድግዳዬ ተበላሸ።

ውሃው ከኤሲው አይደለም፣ ከምትተነፍሱት አየር ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ በሙቀት ቀን ላብ ያወጣ የለ? ኮይሉም እንዲሁ ነው። እንደውም ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ የነደፈው ሰውን ለማቀዝቀዝ አልነበረም። ብሩክሊን ውስጥ የነበረ ማተሚያ ቤት በእርጥበት የተነሳ ወረቀቱ እየሰፋና እየጠበበ ቀለሙ ስላስቸገረው ነው። ውሃ ማውጣት የኤሲ የመጀመሪያ ሥራው ነበር ማለት ነው።

ውሃው መውጣቱ ስለዚህ ጤና ነው፤ ችግሩ በተሳሳተ በኩል መውጣቱ ነው። ከኮይሉ ሥር ጎድጓዳ መቀበያ አለ፤ ከእሱ ደግሞ ቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይሄዳል። አቧራና እርጥበት ተጋብተው እዚያ ቱቦ ውስጥ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይሠራሉ፣ ይዘጋዋል። ወይም ነፍሳት ጎጆ ይሠሩበታል። ውጭ ካለው ጫፍ ውሃ መሳብ በሚችል ቫክዩም ሳቡት። ከውጭ ወደ ውስጥ አትንፉ፤ ቆሻሻው ተመልሶ ክፍሉ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከሥሩ የቆመው ሰው ላይ ይረጫል። ከራሴ ልምድ ነው የምነግራችሁ።

አንድ ጊዜ ሁሉን ነገር ፈታትቼ ምንም አላገኘሁም። መጨረሻ ላይ ውጭ ወጣሁ። የቤቱ ባለቤት ውሃውን ለአትክልት እያጠራቀሙ ኖሯል፤ የቱቦው ጫፍ ሙሉ ባልዲ ውስጥ ተነክሯል። ጫፉ ውሃ ውስጥ ከገባ አየሩ መውጫ ያጣና ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። ቱቦውን ከባልዲው አፍ በላይ አሰርኩት፣ አለቀ። ማጠራቀሙ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አትጠጡት እንጂ።

ቱቦው ክፍት ሆኖም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ማሽኑ በውሃ ልክ ተለክቶ አልተሰቀለም፣ ወይም ቱቦው መሐል ላይ ወደ ላይ ታጥፏል። ወይም ደግሞ በረዶ ሠርቶ እየቀለጠ ነው።

በረዶ? ኤሲ ውስጥ?

አዎ። ኮይሉ ላይ በቂ አየር ካላለፈበት ከዜሮ በታች ይወርድና ላቡ ይረጋል። ጋዝ ሲጎድልም እንዲሁ ይሆናል። በረዶው ደግሞ አየሩን ይበልጥ ይዘጋል፣ ይበልጥ ይረጋል። ቢላዋ ወይም ካቻቪቴ ይዛችሁ እንዳትፍቁት። የኮይሉ ቱቦ ስስ ነው፣ አንዴ ከተበሳ ያ ሁሉ ጋዝ ሄደ። ማቀዝቀዙን አቁማችሁ ፋን ብቻ አድርጉት፣ ሥሩ ፎጣ አንጥፉ፣ ለጥቂት ሰዓት ተዉት። ፊልተሩን አጥባችሁ መልሱ። ተመልሶ ከረጋ የእኛ ሥራ ነው።

16 ላይ ባደርገው ቶሎ አይቀዘቅዝም?

አይቀዘቅዝም። ሪሞቱ ላይ ያለው ቁጥር ማሽኑ የት ላይ እንደሚያርፍ ነው የሚነግረው፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አይደለም። የተለመደው ኤሲ ኮምፕሬሰሩ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፣ መሐል የለውም። ኢንቨርተሩ ፍጥነት ይቀያይራል፤ እሱም ቢሆን ክፍሉ 32 ዲግሪ ሆኖ 24 ብትሉት መጀመሪያ ላይ ያው በጉልበቱ ነው የሚነሳው። 16 ብላችሁ የምታተርፉት የመብራት ክፍያና ሌሊት ላይ ብርድ ልብስ ፍለጋ ነው።

ሲነሳ ይሸታል።

የምን ሽታ? እርጥብ ካልሲ ከሸተተ ኮይሉና ሲሊንደር የሚመስለው የውስጡ ፋን ሻጋታ ይዘዋል፤ መታጠብ አለባቸው። ከዚያ በኋላ ኤሲውን ከማጥፋታችሁ በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ፋን ላይ ብቻ አድርጉት፣ ኮይሉ ይደርቃል። የፍሳሽ ሽታ ከሆነ የውሃው ቱቦ ሽታ መከላከያ ሳይደረግለት ከፍሳሽ መስመር ጋር ተገናኝቷል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ግን ብሬከሩን አውርዱ። "እስኪ አንዴ ልሞክረው" የለም።

የውጭው ማሽን ያጉረመርማል፣ ፋኑ ግን አይዞርም።

ኢንቨርተር ባልሆነ ኤሲ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካፓሲተሩን ነው። የቆርቆሮ ጣሳ የሚመስል ዕቃ ነው፤ ሞተሩን ለማስነሳት የሚገፋው እሱ ነው። ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አናቱ ያብጣል። ከኤሲው ዕቃዎች ርካሹ አንዱ ነው፣ መቀየሩም ጊዜ አይፈጅም። ስለዚህ ካፓሲተሩ ሳይለካ "ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል" ያላችሁን ሰው መልሳችሁ ጠይቁት፤ ለኩት በሉት።

ራሳችሁ ግን አትክፈቱት። ካፓሲተር መብራቱ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። የኢንቨርተር ኤሲ ቦርድ ላይ ያለው ደግሞ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ለደቂቃዎች ሊቀመጥ ይችላል። ዝም ያለ ይመስላል፣ ይመታል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤሲው ወዲያው አይነሳም።

አልተበላሸም። ኮምፕሬሰሩ እንደቆመ በአንዱ በኩል ያለው ግፊት ከሌላው በጣም ይበልጣል። እስኪመጣጠን ወደ 3 ደቂቃ ይጠብቃል፤ አብዛኛው ኤሲ ይህን በራሱ ያደርጋል። የድሮ ከሆነና የማይጠብቅ ከሆነ እናንተ ጠብቁለት። የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ የሚልበት ቤት ከሆነ ለኤሲው አቅም የሚመጥን ስታቢላይዘር ይገጠምለት። ለቴሌቪዥን የተገዛው አይችለውም።

ሪሞቱ አልታዝዝ አለኝ።

ባትሪ ቀይሩ። ካልሆነ የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ። ዓይናችሁ የማያየው ብርሃን በካሜራው ላይ ሐምራዊ ብልጭታ ሆኖ ይታያል። የኋላው ካሜራ ካላሳየ የፊቱን ሞክሩ። ብልጭ ካለ ሪሞቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። እስኪጠገን ድረስ የፊት ክዳኑን ብታነሱ ብዙ ኤሲዎች ላይ አንዲት ትንሽ ማስነሻ ቁልፍ ታገኛላችሁ።

የውጭውን ማሽን ራሴ ማጠብ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ብሬከሩ ከወረደ በኋላ። በተራ የአትክልት ውሃ ቱቦ፣ ለስለስ ባለ ግፊት፣ ከላይ ወደ ታች። የመኪና ማጠቢያውን ግፊት አታምጡት። የአሉሚኒየሙ ክንፎች ስስ ናቸው፣ ተጣጥፈው ይተኛሉ፤ ከዚያ በኋላ አየር አያልፍም። የኤሌክትሪክ ገመዱ በሚገባበት ጎን ውሃ አታድርጉ። የውስጠኛውን ኮይል ማጠብ ግን ለባለሙያ ተዉት፣ ቦርዱ እዚያው አጠገቡ ነው።

ለክፍሌ ስንት ቢቲዩ ይበቃል?

ቢቲዩ የኤሲው የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው። ጣሪያው እጅግ ላልረዘመ ተራ ክፍል በካሬ ሜትር 600 ገደማ አስቡ። 20 ካሬ ከሆነ 12000 ማለት ነው። ፀሐይ የሚመታው ወይም ሰው የሚበዛበት ከሆነ ጨመር አድርጉ። ግን "ትልቅ ይሻላል" ብላችሁ አትዝለሉ። ከመጠን በላይ የሆነ ኤሲ ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ እርጥበቱን የሚያወጣበት ጊዜ አያገኝም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆዳችሁ ግን ይጣበቃል።

ላስጠግነው ወይስ አዲስ ልግዛ?

ካፓሲተር፣ የፋን ሞተር፣ የሙቀት ሴንሰር፣ የሚያፈስ ዳዶ፦ አስጠግኑ። ኮምፕሬሰሩ ከሞተ፣ ማሽኑ ከ10 ዓመት በላይ ከሆነና በዚያ ላይ የሚጠቀመው አር-22 ከሆነ እኔ ብሆን ገንዘቤን አላወጣበትም። የኢንቨርተር ቦርድ መሐል ላይ ነው። ከመቀየሩ በፊት ቦርድ የሚጠግን ሰው ያየው፣ አንዳንዴ የተቃጠለችው አንዲት ትንሽ ዕቃ ብቻ ናት።

ለጥቂት ወራት አልጠቀምበትም። ምን ላድርግ?

ደረቅ ባለ ቀን ለግማሽ ቀን ያህል ፋን ላይ ብቻ አስኬዱት፣ ውስጡ ይድረቅ። ፊልተሩን አጥባችሁ መልሱ። ብሬከሩን አውርዱ። የውጭውን ማሽን በላስቲክ ዙሪያውን አትጠቅልሉት፤ እርጥበት ይታፈንበታል፣ አይጥም ቤት ያገኛል። አናቱ ላይ ብቻ የሆነ ነገር ይሸፍነው። ባትሪዎቹን ደግሞ ከሪሞቱ አውጡ፣ ሲያፈሱ ሪሞቱን ይበሉታል።